የሐይቁን ሳምንት አልሰጥም

ለውድ ወንድሜ ለቴይን፤

እንደምን ሰንብተሃል? ጤናህ እንዴት ነው? ጉልበትህ ደረጃ መውጣት ፈቀደልህ ወይስ አሁንም ከበሩ ሥር ቆመህ እየተሳደብክ ነው? ባለቤትህ አግራፊናስ እንዴት ናት? ዓይኗን ኦፕራሲዮን ከተደረገች ወዲህ ክር በመርፌ ማስገባት ቻለች? ልጅህ ታሺያስ ሥራ ተስማማት? የደሴታችሁ የኮዲያክ ዝናብስ ለአንድ ቀን እንኳ አባራላችሁ? እኔ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ። ስኳሬ ልኩን ይዞልኛል፣ እንቅልፌም ደህና ነው። ካናብ ግን እንደ ምጣድ ግላለች፤ ዶሮዎቼ አፋቸውን ከፍተው ነው የሚውሉት። የአባባን የኮክ ዛፍ የምትጠይቀኝ ከሆነ ዘንድሮም አፈራ፤ ማን ተክሎት እንደ ሞተ ግድ ያለው አይመስልም።

ደብዳቤህ ማክሰኞ ደረሰኝ። ከፖስታ ሳጥኑ አወጣሁና መኪናዬ ውስጥ እንደ ተቀመጥኩ አነበብኩት። አንድ ጊዜ አንብቤ ሳቅሁ፤ ሁለተኛ አንብቤ ተናደድኩ። የእጅ ጽሕፈቱ ያንተ ነው፤ ሦስቱም ገጽ ላይ የሚናገረው ግን ልጄ ኬንዳል ነው። «ዕድሜሽን አስቢ፣ ሐይቁም እንደ ድሮው አይደለም፣ ልጆችሽን ስሚ።» እነዚህን ቃላት እኔ ከራሱ አፍ ከሰማኋቸው ሦስት ወር አለፈ። ደውሎልህ ነበር ብለህ ባትጽፍልኝም ገብቶኛል። እንግዲህ መልሴን ሳላዞር ልንገርህ፤ አልሰማም። ያንተንም አልሰማም። በሴፕቴምበር ወር ወደ ፓወል ሐይቅ እወርዳለሁ፣ ጀልባ ቤቱን ከወደቡ ራሴ አወጣለሁ፣ በዚህች በቀረችኝ እግር፣ በጀልባ እየተጎተትኩ፣ ውሃው ላይ በሳንቃ እንሸራተታለሁ። ታላቄ ነህና ለምን እንደሆነ ማወቅ ይገባሃል፤ አስተውለህ አንብበው።

በጀልባ ቤቱ ድርሻ የገዛነው አንተ ወደ ዓሣ ማጥመዱ ከሄድክ በኋላ ስለሆነ ነገሩን ኬንዳል በነገረህ ልክ ብቻ ነው የምታውቀው። ጀልባው የስምንት ቤተሰብ የጋራ ነው። ታች ሦስት መኝታ፣ ወጥ ቤትና መታጠቢያ አለው፤ ጣራው ጠፍጣፋ ስለሆነ ሰው ሁሉ ፍራሹን እዚያ አውጥቶ ነው የሚተኛው። ለእያንዳንዱ ቤተሰብ በዓመት አንድ ሳምንት ይደርሰዋል። የኛ በሴፕቴምበር ከሚውለው የሠራተኞች በዓል ቀጥሎ ያለው ነው፤ ግርግሩ አልፎ ውሃው ግን ገና ሳይቀዘቅዝ። ሃያ ስድስት ዓመት አንድም ሳናጎድል ወርደናል። ባሌ ኦርቫል በሞተበት ዓመት እንኳ ለቀብር የመጣውን ሰው ሸኝተን ሄደናል። ያጎደልነው ግራ እግሬ ከተቆረጠ ወዲህ ያሉትን ሁለት ዓመታት ነው።

በሜይ ወር፣ አንድ እሑድ፣ ኬንዳልና እህቱ ጃኒል ምሳ ሊበሉ መጡ። ጥብሱን ከድንችና ከካሮት ጋር አቅርቤ ገና አንድ እንደ ጎረስን ኬንዳል ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ሳህኔ አጠገብ አኖረ።

«እማዬ፣ ይኼን ፈርሚልኝ» አለኝ።

«ምንድን ነው?»

«የሐይቁን ሳምንት ለሌላ ቤተሰብ የምናስተላልፍበት ነው። ተራ የሚጠብቁ ሰዎች አሉ።»

«እኔ የሞትኩት መቼ ነው?» አልኩት።

«አትቀልጂ እንግዲህ።»

«አልቀለድኩም። የሟች ንብረት ሲከፋፈል ቀኑን ማወቅ ደግ ነው ብዬ ነው።»

ጃኒል ሳቋ አመለጣትና አፏን በእጇ ሸፈነች። ኬንዳል ግን አልሳቀም። ጣቱን እያጠፈ ቆጠረልኝ። ውሃው ወርዷል፤ ጀልባ የምናወርድበት መንገድ ደረቅ ላይ ቀርቷል። ወደ ጣራው የሚያወጣው መሰላል ቀጥ ያለ ነው። ሰው ሠራሹ እግር በአሸዋ አይሄድም። ቁስል ቢነካኝ ሐኪም ቤት ለመድረስ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ይኼን ሁሉ ቆጥሮ ቆጥሮ መጨረሻ ላይ፣ «እስቲ ንገሪኝ፣ አንድ እግር ያላት የስድሳ ስድስት ዓመት ሴት ውሃ ላይ ምን ትሠራለች?» ሲል ጠየቀኝ።

«እንሸራተታለሁ» አልኩት።

እውነቱን ልንገርህ ቴይን፣ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ እንዲህ ያለ ነገር በሐሳቤም አልነበረ። ወርጄ ጥላ ሥር ተቀምጬ ልጆቹን አይቼ እመለሳለሁ ነበር የምለው። አፌ ቀደመኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ከዚያ ወዲያ መመለሻ አልነበረኝም።

ኬንዳል ፊቱ ቀላ። «እኔ አልነዳም» አለ። «እኔ ካልነዳሁ ደግሞ ያንን ጀልባ የሚነዳው የለም። በቃ።»

«ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች!» አልኩ። «ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በትምህርት ቤት አውቶቡስ ስልሳ ልጅ ጭኜ በበረዶ ዳገት የወጣሁ ሰው ነኝ። ጀልባ ጎማ እንኳ የለው የሚያዳልጥ። ራሴ እነዳዋለሁ!»

ከመቀመጫው ተነሥቶ የኮክ ኬኩን ሳይቀምስ ወጣ። ወረቀቱን ረስቶት ነበር፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይሉ የለ፣ እኔም አልለቀቅኩም፤ አጣጥፌ የዱቄት ቆርቆሮ ሥር ደበቅኩት።

በማግስቱ ጠዋት ለኢርማ ቢትሲሊ ደወልኩላት። ኢርማን አታውቃትም። የናቫሆ ነገድ ሰው ናት፣ ቤቷ ፔጅ ከተማ አጠገብ ነው። በሐይቁ ላይ የተበላሹ ጀልባዎችን እየጎተተች ሃያ ሁለት ዓመት ሠርታ አሁን ጡረታ ወጥታለች። የተዋወቅነው ኦርቫል ጀልባ ቤቱን አሸዋ ላይ የሰካው ጊዜ ነው። ሦስት ሰዓት ለፍታ ጎትታ አወጣችንና ለኦርቫል፣ «ጌታዬ፣ ውሃው በዚህ በኩል ነው» አለችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጓደኛዬ ናት። ነገሩን ሁሉ ዘርዝሬ ነገርኳት።

«ስንት እግር ቀርቶሻል?» አለች።

«አንድ።»

«የምትንሸራተቺበትስ ሳንቃ ስንት ነው?»

«አንድ።»

«ታዲያ ምኑ ነው የጎደለው?» ብላ ስልኩን ዘጋችው።

በጁን ወር አራት ጊዜ ወደ ወደቡ ወርጄ ጀልባ ቤቱን መንዳት አስተማረችኝ። ርዝመቱ ከአውቶቡሴ ይበልጣል፤ ፍሬን የለው፣ ነፋስ ሲነካው ደግሞ እንደ ተሰጣ አንሶላ ይገለበጥብሃል። ሁለት ሞተር አለው፤ አንዱን ወደፊት አንዱን ወደኋላ እያደረግህ ነው ባለበት የምታዞረው። መጀመሪያ ቀን ወደ ማቆሚያው ሳስጠጋ ነፋሱ ገፋኝና ጫፉ ላይ የታሰሩትን ጎማዎች ደረመስኳቸው። ኢርማ ከፊት ቆማ ገመድ እንደ ያዘች ዞር ብላ፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ፌርማታው ላይ ይቆማል እንጂ ፌርማታው ተጭኖ አይሄድም!» አለችኝ። በአራተኛው ቀን ግን እንቁላል እንደ ማስቀመጥ አድርጌ አስጠጋሁት። ወደቡ ላይ የነበረ አንድ ሽማግሌ ቆቡን አነሳልኝ። ይኼንን ለኬንዳል የነገረው የለም፤ አንተ ንገረው።

ሐይቁን በተመለከተ ልጁ አልዋሸም። ውሃው ወርዶ ወርዶ ቀዩ ገደል ላይ ኖራ የተቀባ የሚመስል ነጭ መስመር ቀርቷል፤ ጀልባው ላይ ቆመህ ቀና ብለህ ስታየው የአሥራ አምስት ፎቅ ያህል ከራስህ በላይ ነው። ልጆቼ ዋና የተማሩበት ዳርቻ ዛሬ የተሰነጠቀ ጭቃ ነው። መጀመሪያ ሳየው መሪውን እንደ ያዝኩ እንባዬ መጣ። ኢርማ አየችኝና ሌላ ነገር ነገረችኝ። አያቷ በግ የምታግድበት ሸለቆ ነበረ፤ ኢርማ ሕፃን ሳለች ግድቡ ተሠርቶ ውሃው መጥቶ ሲውጠው እናቷ ገደሉ አፋፍ ላይ ቆማ አይታዋለች። ዘንድሮ ያ ሸለቆ አፉን ከፍቶ የበረቱ ድንጋይ ታየ። «አንቺ ለሄደው ውሃ ታለቅሻለሽ፣ እኔ ለመጣው መሬት እስቃለሁ» አለችኝ። «ደግነቱ ጀልባው ሁለታችንንም ይችላል።» ከዚያ ወዲህ ሐይቁ ሞተ የሚለኝን ሰው ሁሉ አፉን ዘጋሁ። አልሞተም፤ ተለወጠ እንጂ። እኔስ ተለውጬ የለ?

ስለዚህ ዕቅዱን እንደ አዲስ አወጣሁት። ድሮ የምንወርድበት መንገድ ስለማይሠራ በሩቁ መንገድ እንወርዳለን። በሐይቁ መሃል የነበረው ነዳጅ ማደያ ተዘግቷል፤ እንግዲህ ነዳጁ ግማሽ ሲሆን ወደኋላ መመለስ ነው፣ ቀልድ የለም። አራቱን መልሕቅ አሸዋ ቆፍረን የምንቀብርበት ለስላሳ ዳርቻ ያስፈልገናል፤ ኢርማ ዳርቻውን ሁሉ በእጇ መዳፍ ላይ ያለ ያህል ስለምታውቀው አንድ መርጣልናለች። ስሙ «የመጨረሻ ዕድል» የሚባለው ወሽመጥ ነው። «ስሙን ለልጅሽ እንዳትነግሪው» ብላኛለች። ምግቡን ጃኒል ወስዳዋለች። እኔ እዚህ በየቀብሩ የሚቀርበውን የለቅሶ ድንቼን በአይብ ጋግሬ አመጣለሁ፤ ኬንዳል ሕፃን ሆኖ ያለ ቀብር አይሠራም ወይ እያለ ያለቅስ ነበር። ኢርማ የበግ ሥጋና በዘይት የሚጠበሰውን ዳቦዋን ታመጣለች። ዝርዝሩ የማቀዝቀዣዬ በር ላይ ተለጥፏል፤ በየቀኑ አንድ ነገር እየሰረዝኩ እውላለሁ፤ ደስ ይለኛል።

የቀረው ትልቁ ነገር መንሸራተቱ ነበር። ማን እንዳስተማረኝ ትዝ ይልሃል? እኔ አሥራ አንድ ዓመቴ፣ አንተ አሥራ ሰባት። የጎተራውን በር ሳንቃ ነቅለህ፣ ገመዱን ከአባባ መኪና ኋላ አስረህ፣ በመስኖው ቦይ ዳር እየነዳህ ጎተትከኝ። ድልድዩን ረስተኸው ነበር። ጥርሴን የሰበርክ ሰው ዛሬ ዕድሜሽን አስቢ ስትለኝ እንዴት አልስቅ?

በዚህ በኦገስት ወር መጀመሪያ ሀሪኬን ከተማ አጠገብ ወዳለው ግድብ ሄድን፤ እዚያ ውሃው ትንሽ ስለሆነ ለመለማመድ ይቀላል። ኢርማ ቀይ ጀልባዋን አመጣች። ጃኒልም ኬንዳልን ሳትነግረው መጣችና ብርቱካናማውን ባንዲራ ያዘች። እዚህ አገር ሕጉ እንዲህ ነው፤ የሚንሸራተተው ሰው ውሃ ውስጥ ሲወድቅ ሌላ ጀልባ እንዳይወጣበት አንድ ሰው ባንዲራ ከፍ አድርጎ ማውለብለብ አለበት። ሰው ሠራሽ እግሬን ፈትቼ ጀልባው ላይ ተውኩ፣ የመንሳፈፊያ ሰደርያዬን ለበስኩ፣ ቀኝ እግሬን ሳንቃው ላይ ባለው ማጥለቂያ አስገባሁ፣ የገመዱን እጀታ ይዤ «ንጂው!» አልኩ።

ወደቅኩ። እንደገና ወደቅኩ። የመጀመሪያው ቀን ሰባት ጊዜ፣ ሁለተኛው ቀን ስድስት ጊዜ ወደቅኩ። ሁለት እግር ሲኖርህ ግራው ሚዛን ይጠብቅልሃል፤ አሁን ግን ጀልባው ሲስበኝ ሰውነቴ ወደጎደለው በኩል ይዞራል። ውሃው በአፍንጫዬ ገብቶ በጆሮዬ ይወጣል። «የግድቡ ውሃ የጎደለው ለካ አንቺ ጠጥተሽው ነው!» ትላለች ኢርማ። ሰፊ የመዝናኛ ጀልባ ይዞ በአጠገባችን የሚያልፍ አንድ ሰውዬ ፍጥነቱን ቀንሶ፣ «እናት፣ እርዳታ ይፈልጋሉ?» አለኝ። «አዎ፣ ከመንገዴ ዞር በልልኝ!» አልኩት። ዓይኔን በጨው አጥቤ ነው የመጣሁት፤ ማንም አያሳፍረኝም ብያለሁ።

በአሥራ ሦስተኛው ግን ጉልበቴ አለቀ። ውሃው ላይ ተንጋልዬ በጡጫ መታሁት፣ «ኬንዳል እግሬን ባያስቆርጠው ኖሮ!» ብዬም ጮህኩ።

ጃኒል ባንዲራውን ዝቅ አደረገች። ያቺ ቀልደኛ ልጅ ፊቷ ተለወጠ። «እማዬ፣ ይኼን ቃል ሁለተኛ እንዳትናገሪው» አለችኝ። «ሆስፒታል ውስጥ ምን እንዳልሽው ረሳሽው እንዴ? እሱ አልረሳውም። ያን ቀን እኔ ቤት መጥቶ መኪናው ውስጥ ቁጭ አለ፣ ልብሱ ላይ ያንቺ ደም አለ፣ ውጣ ብለው እንኳ አልወጣም። ከዚያ ወዲህ አንቺ ፊት ለፊት ተቀምጦ ምግብ ሲበላ አይተሽዋል? ሁልጊዜ ከጎንሽ ነው የሚቀመጠው፣ እግርሽን እንዳያይ።»

ቴይን፣ ይኼንን ለአንተም ነግሬህ አላውቅም፤ አሁን እነግርሃለሁ። በዚያ ፌብሩዋሪ የውስጥ እግሬ ላይ የወጣውን ቁስል ቸል አልኩት፤ ስኳር እንዳለብኝ እያወቅሁ ቸል አልኩት። ትኩሳት ጣለኝና ወጥ ቤት ውስጥ ወደቅኩ። ያገኘኝ ኬንዳል ነው፤ ተሸክሞ መኪና ውስጥ የከተተኝም እሱ ነው። እኔ ራሴን ስቼ ሳለ ሐኪሞቹ ወይ እግሯ ወይ ነፍሷ ብለው ወረቀት ሰጡት። ፈረመ። ስነቃ አልጋው ላይ የነበረውን ጎዶሎ አየሁና ያልኩት ቃል ይኼ ነበር፤ «ማን ፈቀደልህ? እግሬን አሳልፈህ የሸጥክ አንተ ነህ!» ነርሶቹ ሁሉ ሰምተዋል። ሁለት ዓመት ተኩል ሙሉ እሱም አላነሳው፣ እኔም አላነሳሁት። መድኃኒቱ ነው ያናገረኝ እያልኩ ራሴን አታለልኩ። መድኃኒቱ አልነበረም። እኔ ነበርኩ።

ከግድቡ በተመለስን ማግስት ወደ ኬንዳል ሥራ ቦታ ሄድኩ። በረዶ የሚጠርጉ የመንገድ መኪናዎችን የሚጠግን እሱ ነው፤ በጋውን ሁሉ በዘይት ተጨማልቆ ነው የሚውለው። ሳያየኝ ገባሁና አንድ ትልቅ ጎማ ላይ ተቀመጥኩ። ሱሪዬን ሰብስቤ ሰው ሠራሹን እግር ፈታሁት፤ መሬት ላይ አጋደምኩት።

«እማዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው? ሰው ያያል» አለኝ።

«አንተ እየኝ። ሌላው ሰው ግድ የለኝም።»

ዓይኑን ወደ መኪናው ሞተር መለሰ። «አይቻለሁ» አለ።

«አላየህም። ና ቀረብ በል።»

ቀረበ። እጁን በጨርቅ እየጠረገ ቆመ። ከዚያ አየኝ። የተሰፋውን ሁሉ አየ። አርባ አንድ ዓመቱ ነው፣ ትከሻው እንደ በር ነው፤ ጨርቁን ግን እንደ ፈራ ሕፃን ደረቱ ላይ ጨምድዶ ይዟል።

«ያን ቀን ያልኩህን ታስታውሳለህ?» አልኩት።

«አላስታውስም» ብሎ ዋሸኝ።

«እኔ አስታውሳለሁ። ውሸቴን ነበር። ቁስሉን ቸል ያልኩት እኔ ነኝ፤ እግሬን ያስቆረጥኩት እኔ ነኝ። አንተ የፈረምከው በነፍሴ ላይ ነው፤ ትኑር ብለህ ነው የፈረምከው። ይኼን ማለት የነበረብኝ ያኔ ነው፤ ዘገየሁ። ይቅር በለኝ።»

የመለሰልኝ ግን የጠበቅሁት አልነበረም። «እማዬ፣ እንደገና መፈረም አልችልም» አለኝ። «እዚያ ውሃ ላይ አንድ ነገር ብትሆኚ እንደገና ወረቀት ያመጡልኛል። እንደገና እኔን ነው የሚጠይቁኝ። አልችልም።»

ያኔ ገባኝ፣ ወንድሜ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሊያስቀረኝ ሲታገል የነበረው ስለናቀኝ ሳይሆን ስለፈራ ነበር። አቅፌ ላባብለው ዳዳኝ። እሺ ልጄ፣ እቀራለሁ ልለውም ዳዳኝ፤ ቃሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ግን እሺ ብል ቀሪ ዕድሜዬን የሱን ፍርሃት ስጠብቅ ልኖር ነው፤ እሱም የኔን። ስለዚህ እግሬን አንስቼ እያሰርኩ፣ «በእኔ ምክንያት መፍራት መብትህ ነው» አልኩት። «እኔን ማስቀረት ግን መብትህ አይደለም። ቅዳሜ ግድቡ ጋ ነኝ። አሥራ አራተኛውን ልሞክር ነው።»

«አልመጣም» አለኝ።

«አልጠራሁህም፤ ነገርኩህ እንጂ» ብዬው ወጣሁ። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ግን ቁልፉን ማስገባት እስኪያቅተኝ ድረስ አለቀስኩ።

ያለፈው ቅዳሜ ማለት ነው ይኼ። ኢርማ፣ ጃኒልና እኔ ግድቡ ላይ ነበርን። ሁለቴ ሞክሬ ሁለቴ ወደቅኩ። ለሦስተኛው ስዘጋጅ የኬንዳል መኪና ዳርቻው ላይ ቆመ። ጫማውንም ሳያወልቅ፣ ሱሪውንም ሳይሰበስብ ውሃው ውስጥ ገብቶ እስከ ወገቡ ድረስ መጣ። ለሰላምታ ጊዜ አልሰጠኝም።

«ክንድሽን ታጥፊያለሽ» አለኝ። «ለምን ትጎትቺዋለሽ? አንቺ አትጎትቺው፣ እሱ ይጎትትሽ። ጉልበትሽን ደረትሽ ላይ አስጠጊ። ግራሽን ደግሞ አትሰብስቢው፣ እስከ ጉልበትሽ ያለው አለ አይደል፣ ወደኋላ ዘርጊው፣ ሚዛን ይጠብቅልሽ።»

«የቀረችውን ቁራጭ?»

«ቁራጭ አይደለችም፤ እግርሽ ናት» አለኝ። ሄዶም ጀልባዋ ላይ ወጣና ባንዲራውን ከጃኒል እጅ ተቀበለ።

ኢርማ ጀልባዋን አስነሳች። ክንዴን ዘረጋሁ፣ ግራዬን ወደኋላ ላክሁ። ውሃው ደረቴን ገፋኝ፣ ፊቴን ሸፈነኝ፣ ምንም አላየሁም፤ ለመልቀቅ አንዲት ቅጽበት ሲቀረኝ ክብደቴ ሁሉ ድንገት ቀለለ። ቆሜ ነበር! ቴይን፣ ቆሜ ነበር! ሳንቃው ከሥሬ ይንጣጣል፣ ጭኔ እሳት ሆኗል፣ ነፋሱ ጥርሴን ያደርቀዋል፤ እየሳቅኩ ነው መሰለኝ። ከግድቡ ግንብ እስከ ቀዩ አሸዋ ድረስ ሄድኩ። ኢርማ ለመዞር ስትታጠፍ ተከተልኳት፣ የጀልባዋንም ማዕበል በአንድ እግሬ ዘለልኩት፤ ከዚያ ሁለተኛው ማዕበል ላይ በአፍጢሜ ተደፋሁ።

ከውሃው ብቅ ስል ባንዲራውን ፈለግሁ፤ የለም። ሌላ ጀልባ ከግራዬ እየመጣ ነው፣ የሚያውለበልብልኝ ግን የለም። ኬንዳል ባንዲራውን ጭኑ ላይ ጥሎ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ኢርማ መሪውን እንደ ያዘች፣ «አንተ ግንድ! ልቅሶውን ቤትህ ታደርሰዋለህ፣ ባንዲራውን አንሣ! እናትህ ላይ ጀልባ ሊወጣባት ነው!» ብላ ጮኸችበት። ብድግ አለ፣ ባንዲራውን በሁለት እጁ ከራሱ በላይ አንሥቶ እንደ እብድ አውለበለበው። ያኛው ጀልባ በሩቁ ዞረልን።

ስቦ ሲያወጣኝ ለብዙ ጊዜ አልለቀቀኝም። ኋላ አፍንጫውን እየጠረገ፣ «ነፋስ ሲነሣ ግን ጀልባ ቤቱን የምነዳው እኔ ነኝ» አለኝ።

«ስትለምነኝ አይሃለሁ» አልኩት።

እንግዲህ ዕቅዱ ይኼ ነው። ሴፕቴምበር አሥር ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ከወደቡ እንወጣለን። እስከ ቀጣዩ ቅዳሜ እዚያው ነን። ኬንዳል ሐኪሜን ራሱ ሄዶ አነጋግሮ የቁስል መድኃኒት አንድ ሣጥን ሞልቶ አምጥቷል፤ ይኼን ተቀብያለሁ፣ ፈሪም ቢሆን ልጄ ነው። መሰላሉ ላይም የብረት መያዣ እየበየደ ነው። ይኼንንም ተቀብያለሁ። «አሮጊቷ አብዳለች» የሚለውን የሰፈሩን ወሬ ግን አልቀበልም፤ የሚሉትን ሁሉ ዳርቻ ላይ ተቀምጠው እንዲያዩኝ ጋብዣቸዋለሁ። እድን ይሆናል፣ እሰበር ይሆናል፤ የሚሆነውን ግን ቤቴ ቁጭ ብዬ አልጠብቀውም።

አንተም ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ዘንድሮ እመጣለሁ ብለህ ስትጽፍ ኖረሃል። ዘንድሮ ግን ምክር ከመላክ ራስህን ላክ። ጣራው ላይ ከእኔ ፍራሽ ጎን ላንተ ቦታ አኑሬልሃለሁ።

አግራፊናን በሁለቱም ጉንጯ ሳምልኝ፤ የላከችው የሱፍ ካልሲ አንዱ ብቻ እንደሚበቃኝ ብታውቅም ሁለቱንም ስለላከች ወድጃታለሁ፣ አንዱ ሲያልቅ አንዱን አደርጋለሁ። ለታሺያ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ ለባሏና ለሁለቱ መንታዎችም እንዲሁ። ጎረቤታችሁን ሽማግሌውን ሳይመንንም ሰላም በልልኝ። ጃኒል ትስምሃለች። ኬንዳልም ሰላም ብሎሃል፤ ባለፈው የነገረህን ሁሉ እንድትረሳለት ይለምንሃል። ኢርማ ደግሞ ሳታውቅህ፣ «ድልድዩን የረሳው እሱ ነው?» ብላ ጠይቃለች።

መልስህ «እመጣለሁ» ካልሆነ ቴምብር አታባክን።

የምትወድህ እህትህ
ቬርዳ

ካናብ፣ ዩታ
ኦገስት 19 ቀን 2022